ክረምት ሲወጣ በበለስ ዳር፦ ከፓዌ ለሚነሳ ዓሣ አጥማጅ

ጥቅምት ሲጋመስ የበለስን ወንዝ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ውሃው ገና ድፍርስ ነው፤ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል፣ የዳሩን ሣር አስተኝቶታል፣ መንጠቆ ቢጣልበት ጠራርጎ ይወስደዋል። ፓዌ ላይ ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ ደጋው መስቀልን አክብሮ ሰማዩ ከጠራለት በኋላም እኛ ዘንድ ወንዙ ቶሎ አይወርድም። ከዚያ በኋላ ግን፣ ከኅዳር መግቢያ እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ፣ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ጀልባም መረብም ለሌለው፣ አንድ ዘንግና ጥቂት መንጠቆ ይዞ ለቤቱ ዓሣ ማምጣት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ክረምት ላይ ዓሣው አይጠፋም፤ ይበተናል። በለስ ሞልቶ ዳር ዳሩን ሲያለብስ አምባዛ ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። ጣና አካባቢ ነጭ ዓሣ የሚባለው የበርበስ ወገን ደግሞ ጠጠራማ ውሃ ፍለጋ ወደ ገባር ጅረቶች ሽቅብ ይወጣል። ውሃው መጉደል ሲጀምር ሁሉም ወደ ዋናው መስመር ይመለሳሉ፤ ሣር ውስጥ ያገኙት የነበረው ትልና ነፍሳትም ይቀርባቸዋል። ኅዳር ላይ የምታገኙት ዓሣ እንግዲህ በጠበበ ቦታ የተሰበሰበና የራበው ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እዩ

ዘንግ ከማንሳታችሁ በፊት ወደ የትኛው በለስ እንደምትሄዱ ወስኑ። ዋናው በለስና ግልገል በለስ ስማቸው ቢቀራረብም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ግልገል በለስ ዛሬም የዝናብ ወንዝ ነው። ዝናቡ ካቆመ ቶሎ ይጠራል፣ ቶሎም ይጎድላል፤ በጋው ሲገፋ ውሃው በየኩሬው እየተወሰነ ይሄዳል። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

ዋናው በለስ ከግንቦት 2002 ወዲህ የሚወርደው በዝናብ ብቻ አይደለም። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ የጣና ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ፣ ተርባይኖቹን መትቶ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጃዊ ላይ ለሸንኮራ አገዳው መስኖ ይጠለፋል። የቀድሞዎቹ አጥማጆች ደመናውን አይተው ውሃውን ያውቁት ነበር፤ ዛሬ ግን ጠብታ ዝናብ ሳይጥል በለስ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ይህ ዓሣውንም ሰውንም ይመለከታል። ውሃ ሲጨምር ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል፤ በድንገት ሲቀንስ ደግሞ ይደነግጥና ወደ ጥልቁ ገብቶ መብላት ያቆማል። ሰው ደግሞ መሐል ወንዝ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ መመለሻው በውሃ ሊቆረጥበት ይችላል።

ስለዚህ ወንዝ ዳር እንደደረሳችሁ የምትሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ይሁን፦ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ውሃው ጠርዝ ላይ ትከሉ፣ ውሃው የደረሰበትንም በቢላ ምልክት አድርጉ። የመንጠቆውን ምግብ ስታዘጋጁ ቆይታችሁ ተመልሳችሁ እዩት። ውሃው ምልክቱን አልፎ ከወጣ ከድንጋይና ከደሴት ላይ ውረዱ፤ ከዳር ብቻ አጥምዱ። ባለበት ከቆመ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ መልካም ነው። ቀጥሎ ጥራቱን መርምሩ። ክንዳችሁን እስከ ክርን ውሃ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻችሁ ጨርሰው የማይታዩ ከሆነ አምባዛ ካልሆነ በቀር ሌላ አትጠብቁ፤ እሱ በሪዙና በማሽተት ስለሚፈልግ ድፍርስ አያስቸግረውም። ጣቶቻችሁ ደብዘዝ ብለው ከታዩ ግን ቆሮሶም (ቲላፒያ) በርበስም ይያዛል። ውሃው እስከ ታች ከጠራ ደግሞ ዓሣውም እናንተን ያያል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁሙ፣ ጥላችሁን ውሃው ላይ አትጣሉ።

ከፓዌ ርቀው ወደ ንጋት ሐይቅ ዳር ለሚወርዱ ነገሩ ሌላ ነው። የሕዳሴው ግድብ የፈጠረው ይህ ሐይቅ ሙሉ ሲሆን 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ በጋውን ሙሉ ደግሞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ትናንት የቆማችሁበት ዳር ከወር በኋላ ከውሃው ርቆ ታገኙታላችሁ። ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ለቆሮሶ መጠለያ ናቸው፤ ለመንጠቆ ግን ጠላት። እዚያ ስታጠምዱ እርሳሱን ቀንሱ፣ ምግቡ ከቅርንጫፉ በላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ፣ ትርፍ መንጠቆም ያዙ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያስነሳ ጠዋቱን ተጠቀሙበት።

ዘንግ፣ ገመድና መንጠቆ

ዘንግ ለመግዛት ገንዘብ አታውጡ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሽመል አገር ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው፤ ጠንካራም ጎባጭም የሆነው ለዚህ ነው። ድፍንነቱ ግን ያከብደዋል፤ ስለዚህ ወፍራሙን ትታችሁ ሥሩ አውራ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ የቀጠነ፣ ከሦስት እስከ አራት ሜትር የሚረዝም ምረጡ። ለጋውን አትቁረጡ፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ከቆረጣችሁት በኋላ ጥላ ውስጥ አጋድማችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይጣመማል። ዘንጉን መስከረም ላይ ቆርጣችሁ ካዘጋጃችሁ ለኅዳር ይደርሳል።

ገመዱ ናይሎን ይሁን። ለቆሮሶ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃል፤ ለአምባዛ 0.50 ወይም ከዚያ የወፈረ ያስፈልጋል። መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ 8 ወይም 10 ቁጥር ስጡት። አምባዛ 2 ቁጥርና ከዚያ የሚበልጠውን ይውጣል። ገመዱን ከመንጠቆው ዓይን አሳልፋችሁ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን መጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡና ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ ይቃጠላል፤ ያ የተቃጠለ ቦታ ነው ትልቁ ዓሣ ሲመጣ የሚበጠሰው። ለተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ ወይም የደረቀ የማሽላ አገዳ ቁራጭ በቂ ነው። ለክብደት ትንሽ እርሳስ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ።

የመንጠቆ ምግብ

ትል ከሁሉም ይቀድማል፤ ሁሉም ዓሣ ይበላዋል። ችግሩ ኅዳር ላይ መሬቱ እየደረቀ ስለሚሄድ ትል ወደ ታች ይወርዳል። የልብስ ማጠቢያ ውሃ በሚደፋበት ቦታ፣ በቧንቧ ሥርና ፍግ በተከመረበት ፈልጉ። እርጥብ አፈር በተሞላ ቆርቆሮ ያዙት፤ ክዳኑን ብሱ፣ ፀሐይ አታሳዩት። ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ፌንጣ ይበዛል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ክንፉ ስለሚከብደው በእጅ ይያዛል። በርበስ ፌንጣን አጥብቆ ይወዳል፤ ያለ እርሳስ ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ልቀቁት።

ለቆሮሶ የበቆሎ ገንፎ ጠንከር አድርጋችሁ አገንፉ፣ ትንሽ ጥጥ ዘርዝራችሁ አብራችሁ አሹት። ጥጡ ገንፎውን ውሃ እንዳያፈርሰው ይይዘዋል። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት ወይም የትንሽ ዓሣ ቁራጭ ጥሩ ነው፤ ትንሽ የሸተተ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይሳባል። ወንዙ ዳር ሾላ ካለ ቀና ብላችሁ እዩ። ፍሬ እየጣለ ከሆነ በርበስ ሥሩ ይጠብቃል፤ የራሱኑ ፍሬ በመንጠቆ ላይ ስጡት።

ዓሣ ለመሰብሰብ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን አትናቁ። አንድ እፍኝ አተላ ወይም የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ ከምታጠምዱበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጣሉ፤ ውሃው እያወረደ ሽታውን ይበትነዋል። አታብዙት። የጠገበ ዓሣ መንጠቆ አይነካም።

የት፣ በስንት ሰዓት

ጀማሪ ሰው ወደ ወንዙ መሐል አርቆ መወርወር ይወዳል። በዚህ ወቅት ግን ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር አይርቅም። ወንዙ ሲታጠፍ ውሃው የሚተኛበትን ጎን፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ዞሮ የሚመለስበትን ቦታ፣ ትንሽ ጅረት ወደ ወንዙ የሚገባበትን አፍ ፈልጉ። ፈጣኑ ውሃ ከጠጠር ላይ ወርዶ ወደ ጥልቅ ኩሬ የሚገባበት ግርጌ የበርበስ ቦታ ነው። አምባዛን ጭቃና ሥር ባለበት ጥልቅ ቦታ ጠብቁት። አየር ለመሳብ ወደ ላይ ስለሚወጣ ውሃው ላይ ድንገት ቦጭ ብሎ የሚጠፋ ክብ ካያችሁ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ተንሳፋፊውን አውጥታችሁ ምግቡን መሬት አስነኩት።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንጋት ላይ ነው። ሰኔ ላይ ጎሕ ሲቀድ መውጣት ትክክል ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ፓዌም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቆሮሶ ሙቀት ወዳጅ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝበት ይፈዝዛል። ፀሐይ ዳሩን ማሞቅ እስክትጀምር፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ፣ ቸኩላችሁ አትድከሙ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው፤ እንደገና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይነሳል። አምባዛ የሚነቃው ሲመሽ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ለሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ሄዶ፣ ቆሮሶውን አስቀድሞ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አምባዛውን ይዞ፣ ሳይጨልም መመለስ ይሻላል።

ዘመድ አሜሪካ፣ በተለይ ሚኒሶታ ያላችሁ፣ በዚሁ ወር በረዶ በሆኑ ሐይቆች ላይ ቀዳዳ በስተው ሲያጠምዱ በፎቶ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ በረዶው ሰው ለመሸከም ጥርት ያለና ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር የወፈረ መሆን አለበት፤ ሳይለኩ የሚገቡ በየዓመቱ ይሰጥማሉ። ብርዱ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነገር ያደርጋል፦ የቀዘቀዘ ዓሣ ጉልበቱን ስለሚቆጥብ ምግብ አያሳድድም። ታኅሣሥ ላይ በማለዳ የግድ የምታጠምዱ ከሆነ ምግቡን አሳንሱት፣ ወደ ጥልቁ አውርዱት፣ ሳታንቀሳቅሱ አፉ አጠገብ ተዉለት።

ሲበላ

ቆሮሶ ሲቀምስ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጣል፤ አትሳቡ። ወደ ጎን መሄድ ወይም መስጠም ሲጀምር ዘንጉን በለስላሳው ቀና አድርጉ። አምባዛ ዝግ ብሎ ይዞ ይሄዳል፤ ገመዱ እስኪወጠር ታግሣችሁ ከዚያ በኃይል ንቀሉ፤ አፉ ጠንካራ ነው። በርበስ ግን ጊዜ አይሰጥም፣ መትቶ ወደ ፈጣኑ ውሃ ይሮጣል። ዘንጋችሁን ቀና አድርጋችሁ ያዙ፣ እየተከተላችሁ ወደ ተኛው ውሃ ምሩት፤ በኃይል ከጎተታችሁት ገመዱ ይበጠሳል።

አምባዛን ስትይዙ ከጭንቅላቱ ጎን ያሉትን ሁለት እሾኾች ተጠንቀቁ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ከእሾኾቹ ኋላ አድርጋችሁ ጨብጡ። ከውሃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ እንዲሠቃይ አትተዉት፤ ጭንቅላቱን በዱላ አንዴ ምቱት። በናይል ውሃዎች ውስጥ ሲያዝ ሆዱን የሚነፋ፣ ጥርሱ የወጣ ዓሣ አለ፤ መርዛማ ስለሆነ ቢያጋጥማችሁ መልሱት፣ ለውሻም አትስጡት።

ቆሮሶ ይዛችሁ አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካያችሁ ወዲያው መልሷት። እናቲቱ ልጆቿን የምታሳድገው በአፏ ነው። ከመዳፋችሁ የማይረዝመውንም መልሱ፤ በእርጥብ እጅ ያዙት እንጂ በደረቅ አትያዙት፣ የሚከላከልለትን ዝልግልግ ይልጠዋልና።

ብርብራ

ስለዚህ ጉዳይ ለስለስ አድርጌ መጻፍ አልችልም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን በብዙ የአገራችን ወንዞች የቆየ ልማድ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቲኖን ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይንሳፈፋል። ሰውየው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል። የቀረው ጣት የማያህለው ጫጩት፣ ዓሣው የሚመገበው ነፍሳት፣ ከታች ያለው ኩሬ ሁሉ ነው። ውሃው በጎደለበት በዚህ ወቅት ግልገል በለስ ላይ አንድ ኩሬ መመረዝ ማለት ክረምቱን ተርፎ የተሰበሰበውን ዘር አንድ ላይ መጨረስ ነው። ለሰብል የተገዛ የተባይ መድኃኒት የሚጠቀሙ ደግሞ ያንኑ ዓሣ ለልጆቻቸው ያበላሉ፤ ከታች ያለው ቀበሌ ያንኑ ውሃ ይጠጣል።

ሕግም አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። ለሽያጭ ለማጥመድ የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን ወደ ወንዝ ይወርዳል። ሲመርዝ ያያችሁትን ሰው ዝም አትበሉት። አብዛኞቻችን ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች ነን፤ ጉሙዞች ከእኛ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር ሲኖሩ ነበር። ለአንዱ መንደር የጠፋ ዓሣ ለሌላውም ጠፍቷል።

ራሳችሁን ጠብቁ

ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው አረጋግጡ፤ ለብቻችሁ አትሂዱ። ወደ ወንዝ ዳር ስትደርሱ ሽማግሌ ካገኛችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ «አባባ፣ እዚህ ብናጠምድ ይፈቀዳል? አዞስ ይታያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መልስ ይሰጧችኋል። አዞ ወይም ጉማሬ አለ ካሏችሁ ከውሃው ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጉማሬ ከሣር ወደ ውሃ የሚመለስበት መንገድ ላይ በፍጹም አትቀመጡ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ለምሽት አምባዛ የምትቆዩ ረጅም ሱሪና እጅጌ ልበሱ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ፣ ትኩሳት ከተሰማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፈጣን ውሃ አጠገብ በቀን የምትነክሰው ትንሿ ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርካይሲስ የተባለውን የቆዳና የዓይን በሽታ ታስተላልፋለች፤ በየመንደሩ የሚታደለውን መድኃኒት «እኔ ደህና ነኝ» ብላችሁ አትለፉት። ቀንድ አውጣ ያለበት የተኛ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አትቁሙ፤ የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ የሚገባው በብዛት ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። ቆሮሶ በቀን የሚያዘውም በዚያው ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ከደረቅ ዳር መወርወርን ልማድ አድርጉ።

ወደ ቤት

የፓዌ ሙቀት ዓሣ አያቆይም። እንደያዛችሁ የሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ስንጥቡን ንቀሉ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ አትዝጉበት፤ ይታፈንና በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ቤት ሲደርስ ቆሮሶውን ሰንጥቃችሁ በሎሚ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽታችሁ ጥበሱት። አምባዛ ሥጋው ስባማ ስለሆነ በቀይ ሽንኩርትና በቲማቲም ጉላሽ ይሻለዋል። በርበስ ስስ አጥንት ስለሚበዛበት ጎኑን በቢላ ደጋግማችሁ ቸክችኩት፤ ዘይቱ ሲገባ አጥንቱ ይላላል። ጥሬ ዓሣ የምትወዱ ትኖራላችሁ፤ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ስለሚኖረው አብስላችሁ ብሉ።

የተረፈውን አምባዛ በቀጫጭኑ ዘልዝላችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ አሳድሩትና ቋንጣ አድርጉት። ጭስ በሚያልፍበት ቦታ ስቀሉት፤ ዝንብ አይቀርበውም። ደረቁ የታኅሣሥ አየር በጥቂት ቀን ያደርቀዋል። የሆድ ዕቃውንና አጥንቱን ግን ወንዝ ዳር አትጣሉ፤ አዞና ውሻ ይለምድበታል። ወደ ቤት አምጥታችሁ ከጓሯችሁ ማንጎ ሥር፣ ከግንዱ አንድ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ውሻ እንዳያወጣው ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት።